ከበቆጂ ኦጎልቾ፦ በጎረቤት ፊት የተከፈተው የቤቴ በር

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በቆጂ

በቆጂ ገና አልነቃችም፤ ሯጮቿ ግን ነቅተዋል። ወደ መናኸሪያ ስወርድ በጭጋጉ ውስጥ ኮቴያቸው ይሰማኛል፣ ትንፋሻቸው ነጭ ሆኖ ይታየኛል። ነጠላዬ ላይ ጋቢ ደርቤም ብርዱ አልቻል ብሎኛል።

ኦጎልቾ መድረስ አለብኝ። እዚያ የምታስተምረው የአገሬ ልጅ ትዕግሥት ነገ ሕፃኗን ክርስትና ታስነሳለች፤ የክርስትና እናቷ እኔ ነኝ። የሁለታችንም ዘመድ ጎጃም ነው ያለው። እኔ ከቀረሁ ሕፃኗን ከካህኑ እጅ የሚቀበላት የለም።

መብራት ጠፍቶ ስለነበር በስልኬ ብርሃን ለበስኩ፣ ጸሎቴን አደረስኩ፣ የብረት በሬን በሁለት ጓጉንቸር ቆለፍኩ። ሰፈራችን ውስጥ ራቅ ብሎ የሚሄድ ሰው ትርፍ ቁልፉን ለጎረቤት ትቶ ነው የሚሄደው። እኔ ትቼ አላውቅም። ሰዉን ጠርጥሬ አይደለም፤ በሰው አገር በነርስነት ተመድባ ብቻዋን የምትኖር ሴት ለራሷ መጠንቀቅ አለባት ብዬ ነው። አከራዬ እማማ ዘይነባ፣ “ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቁልፍሽን ብርድ ይመታዋል እንዴ፣ እንዲህ ሸፍነሽ የምትይዥው?” እያሉ ይቀልዱብኛል።

ጠዋት፣ ሳጉሬ

ሚኒባሳችን የገብሱን ማሳ በግራና በቀኝ እየተወ መጥቶ ሳጉሬ ላይ ሰው ሊያወርድ ቆመ። የድንች ጆንያ የተደረደረበት ዳር፣ በጋሪ ውሃ የሚያመላልስ ሰው፣ ሲጋገር ሩቅ የሚሸት ዳቦ። ድንገት ከመንገዱ ማዶ ወፍጮ ቤቱ ጮኸ።

“እሰይ፣ መብራት መጣ!” አለ አጠገቤ የተቀመጠ ነጋዴ። “የሳጉሬም የበቆጂም መስመር አንድ ነው፤ አብሮ ይሄዳል፣ አብሮ ይመጣል።”

ምድጃዬ ትዝ አለኝ። ንጋት ላይ የምታጠብበትን ውሃ ላሞቅ ምድጃዬን አብርቼ ነበር። ወዲያው መብራቱ ሄደ። ድስቱን አንስቼ በለብታው ታጠብኩ፤ ምድጃውን ግን አላጠፋሁም። ከምድጃው በላይ በተዘረጋው ገመድ ፎጣዬን ሰቅያለሁ። ግቢያችን አምስት ክፍል በአንድ ጣሪያ ሥር ነው፤ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ጆንያ ነው። ከግድግዳዬ ጀርባ ደግሞ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እማማ ዘይነባ ተኝተዋል።

ደወልኩላቸው። ስልካቸው ዝግ ነው።

በየወሩ የሰፈር ስብሰባ አለን። ፖሊሱም የመብራት ሠራተኛውም መጥተው ከእኛ ጋር ይቀመጣሉ፤ ቁጥራቸው በየግቢው በር ላይ በቀለም ተጽፏል። ሳጅን ገመቹ ጋ ደወልኩ።

“ሳጅን፣ ቤቴ ሊቃጠል ነው! ምድጃ ሳላጠፋ ወጥቻለሁ!”

“ሲስተር፣ የት ነሽ?”

“ሳጉሬ!”

“ቁልፉስ?”

“ሳጉሬ!”

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። “ይኼ ነገር ሳይለይለት አልነዳም። እህቴ፣ እመለሳለሁ ካልሽም መኪና አስቆምልሻለሁ” አለኝ። ብመለስ በምን ልደርስ? “እመቤቴ፣ አንቺ ድረሽ” ከማለት በቀር ምንም አልነበረኝም።

ሳጅን መልሶ ደወለ፤ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ለቀቅኩት። እየሮጠ ደርሶ ኖሮ ያለከልካል። “እማማ ዘይነባን ጎረቤት ደግፎ አውጥቷቸዋል፣ ደህና ናቸው። ክፍልሽ ግን ጭስ ጭስ ይሸታል። ቆጣሪው የት ነው?”

“እኔ ክፍል ውስጥ።”

“በይ እንግዲህ ከምሰሶው ልቁረጠው፤ መሰላል አምጡ!” ሲል ሰማሁ፣ የመብራት ሠራተኛው ከድር። ጠዋት መስመሩን ሲጠግን እዚያው ሰፈር ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ሳጅን፣ “ተቆርጧል። አሁን በሩ ነው። ስልኩን ላውድ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ሦስት ጎረቤት ቆሞ ይሰማል። ደንባችንን ታውቂዋለሽ፤ ባለቤት በሌለበት ሰው ሳይመሰክር በር አይከፈትም። ይከፈት?” አለ።

“ይከፈት! ስበሩት!”

“ማን ይግባ?”

እስከዚያ ቀን ማንም ሳልኖር ገብቶ አያውቅም። ስም ለመጥራት ግን ማሰብ አላስፈለገኝም። “እማማ ዘይነባ ይግቡ።”

“ግራይንደር አምጡ!” አለ አንዱ።

“በየትኛው መብራት ልትቆርጥበት ነው?” አለ ከድር ከላይ። ያን ሁሉ ጭንቀት ሰንጥቆ ሳቅ መጣ። ከዚያ በዲጂኖ ብረቱን ሲመቱት ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። አንዱ ጓጉንቸር ወደቀ።

“ሲስተር፣ ሁለተኛው ደግሞ ለምን አስፈለገሽ?” ሳጅን ነው።

“እውነቱን ነው!” አለ አጠገቤ ያለው ነጋዴ።

ሁለተኛውም ወደቀ። “ቢስሚላህ” የሚል የእማማ ድምፅ። ሳል። በጋቢዬ ጫፍ አፌን ያዝኩ።

“ኢንተላ ኮ፣ ፎጣሽ ምድጃው ላይ ወድቆ ከስሏል። ነበልባል አልሆነም፤ ውሃ አፍስሼበታለሁ። አልሐምዱሊላህ በይ!”

“እግዚአብሔር ይመስገን!”

“ያው ነው፤ በይ ብቻ።”

መኪናው በእልልታ ተሞላ። ሹፌሩ ሞተሩን እያስነሳ፣ “አሁን ገና ማርሽ ይገባልኛል” አለ።

ረፋድ፣ አሰላ

የጭላሎ ተራራ ደመናውን አውልቆ ቆሟል። መናኸሪያው ጥግ ሻይ ይዤ ተቀመጥኩ፤ እንባዬ ሻዩ ውስጥ ገባ። ሳጅን ደወለ፦ ከድር መብራቱን መልሶ ቀጥሎታል፣ በሩ አዲስ ጓጉንቸር ገብቶለታል፣ ቁልፉ በምስክር ፊት ለእማማ ተሰጥቷል። “አንድ ጓጉንቸር ብቻ ነው ያስገባነው፤ እንደ አንቺ አልፈራንም” ብሎ ሳቀ። “ሂጂ፣ ክርስትናው እንዳይቀር።”

እሑድ፣ ኦጎልቾ

ትናንት ከአሰላ ቁልቁል ስንወርድ ጋቢዬን አወለቅሁ፤ እዚህ አየሩ ሌላ ነው። በሳጥን የተደረደረ ቲማቲም፣ የሽንኩርት ክምር፣ አቧራ። በጠዋቱ ቤተ ክርስቲያን ሕፃኗን ከካህኑ እጅ ተቀበልኩ። ውሃው ሲነካት ጮኸች፤ እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ ፈገግ አልኩ። ለትዕግሥት የሳጉሬውን የነገርኳት ከዚያ በኋላ ነው። “እኔ ብሆን ተመልሼ ነበር” አለች። “ጎረቤቶቼ እዚያ ነበሩ” አልኳት።

እሑድ፣ ሊመሽ ሲል፣ በቆጂ

ብርዱ ተቀበለኝ። እማማ በሩን ከፈቱልኝ፤ የአዲሱን ጓጉንቸር ሁለት ቁልፍም አስረከቡኝ። ያለቦታው የሆነ አንዲት ዕቃ የለችም። ግድግዳው ላይ የነበረችው የእመቤታችን ሥዕል ብቻ አልጋዬ ላይ ናት፣ በእማማ ንጹህ ሻሽ ተጠቅልላ።

“ጥላሸት ነክቷት ነበር” አሉ። “ለሶላት እንደምታጠበው ውዱእ አድርጌ ተመልሼ ነው ያነሳኋት። አይከፋሽም አይደል?”

ጉልበታቸውን ሳምኩ። ትርፉን ቁልፍ አውጥቼ ስዘረጋላቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። “እንዲህማ አይሆንም፤ ሰው ይቁም!” ሳጅን ገመቹ ተጠራ፣ ከድር ተጠራ፣ የማዶዋ ጎረቤት ሊጥ በእጇ እንደያዘ መጣች። በእነሱ ፊት፣ “እኔ በሌለሁበት እማማ ዘይነባ ይግቡ” አልኩ፤ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩት።

ገና ሳንበተን መብራት ድርግም አለ። ከየአጥሩ ሥር በአንድ አፍ፣ “ሲስተር! ምድጃ!”

“አልተበራም!” ብዬ ጮህኩ። ገብቼ ግን ነካሁት።