በሁዳዴ የተወለደች ጥጃ

ሥራዬ ለሰው ሲነገር ቀልድ ይመስላል። ገና በቅጡ መቆም ካልቻለ ጥጃ አንገት ላይ ደም እቀዳለሁ፤ ከእናቱ ደግሞ እንገሯን በትንሽ ብልቃጥ እቀበላለሁ። ከዚያ ሁለቱን በበረዶ ሣጥን ይዤ ወደ አዳማ፣ ወደ ላቦራቶሪ። አዳማ ያሉት ቤተሰቦቼ "የእንስሳት ሐኪም ሆነሽ አንዲት ፍየል እንኳ ስታድኚ አላየንሽም" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እኔ የማጠናው ጥጃ ለምን እንደሚሞት ነው፤ ማዳን የሌላ ሰው ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ጥጃ ሲወለድ በደሙ ውስጥ በሽታ የሚከላከልበት ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ያን የሚያገኘው ከእንገር ነው፤ እናቱ እንደወለደች ከምትሰጠው ወፍራም ቢጫ ወተት። እሱንም በቶሎ፣ በተወለደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መጠጣት አለበት። ከዚያ በኋላ አንጀቱ በሩን ይዘጋል፤ ቢጠጣም ምግብ እንጂ መከላከያ አይሆነውም። ችግሩ እንገር ለሰውም መጣፈጡ ነው። ፈልቶ ሲረጋ ቤተሰብ ይበላዋል፣ ጎረቤትም ይቀምሰዋል።

ስለዚህ እኔና አለቃዬ አንድ ብልህ ነገር አሰብን። በሁዳዴ ክርስቲያኑ እንገር አይበላም። ሰው ካልበላው ጥጃው ይጠጣዋል። እንግዲያው በጾም የተወለዱ ጥጆች በፍስክ ከተወለዱት የተሻለ ደም ይኖራቸዋል። ሕፃን ልጅ የሚደርስበት ሒሳብ ነበር። ከባቱ፣ ከአዳሚ ቱሉና ከአርሲ ነገሌ የሰበሰብኩት ደም ግን የተገላቢጦሽ ሆነ፤ የሳሳው የጾሞቹ ደም ነው። መጀመሪያ መሣሪያውን ሰደብኩ። ቀጥሎ ሙቀቱን፣ ቀጥሎ የሚጠፋውን መብራት፣ ቀጥሎ የበረዶ ሣጥኔን እያንገጫገጨ ያመጣውን ባጃጅ። አለቃዬ በስልክ "ምልክቱን አቀያይረሽ ለጥፈሽ እንዳይሆን?" አለኝ። ብልቃጦቼን እያገላበጥኩ ዋልኩ፤ አላቀያየርኩም። ንዴቱ ራሴን እስክጠራጠር አደረሰኝ።

መኖ አጥሯቸው የላሞቹ እንገር ሳስቶ ይሆን ብዬ እንገሩን ለካሁት። ወፍራም ነው። የእናቲቱ እንገር ጥሩ፣ የጥጃው ደም ባዶ። መሀል ላይ የሆነ ቦታ እየጠፋ ነው፤ የት እንደሚጠፋ ግን ሊገባኝ አልቻለም። በየቤቱ ጠይቄያለሁ። "ጥጃው እንገር ጠጥቷል?" ስል "አዎ" ይሉኛል። "እናንተስ በልታችኋል?" ስል "ኧረ በስመአብ! በሁዳዴ?" ብለው ያማትባሉ። የሚዋሽ ሰው ፊት አላየሁም።

ባቱ ላይ የተከራየኋት ክፍል የአንዲት እናት ግቢ ውስጥ ናት። ከሰሜን ሸዋ መጥተው፣ የመንግሥት ሠራተኛ የነበሩ ባለቤታቸውን እዚሁ የቀበሩ ሴት ናቸው። እማማ እላቸዋለሁ። እሳቸው ጾም አያጎድሉም፤ እኔ ደግሞ ጴንጤ ነኝ። በሁዳዴ በዚያ ግቢ ወተት የምንጠጣው እኔና ድመቷ ብቻ ነን። እማማ አይቀየሙኝም፤ "ሁለቱ ያልተጠመቁ" እያሉ ከድመቷ ጋር አብረው ይተርቡኛል እንጂ።

አንዲት ክልስ ላም አለቻቸው። ወተቷን ላንጋኖ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ በጾምም በፍስክም ይወስደዋል፤ እማማ የሚኖሩት በእሷ ነው። ላሟ ግን አርጅታለች። የወለደቻቸው ሁሉ ወንድ ወንድ እየሆኑ ተሸጡ። አሁን የያዘችው የመጨረሻዋ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ሴት ከወለደች ምትክ ተገኘ፤ አለዚያ የእማማ በረት ባዶውን መቅረቱ ነው። እማማ ተስለዋል። እኔም በበኩሌ ጸልያለሁ፤ ለላም ስጸልይ የመጀመሪያዬ ነበር።

በጾሙ አጋማሽ ወለደች። እኔ አርሲ ነገሌ ውዬ ስመጣ እማማ በር ላይ ጠበቁኝ። "ሴት ናት!" አሉኝ፤ ተቃቅፈን ዘለልን። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ጎድጓዳ ሳህን ይዘው ተመለሱ። የረጋ እንገር ነው፣ እስከ አፉ ሙሉ።

"ብይ ልጄ። ለአንቺ ብዬ ነው።"

"ጥጃዋስ ጠጣች?"

"አዎና! እሷን ልረሳ?"

ምሳ አልበላሁም ነበር፤ በላሁ። ይጣፍጥ ነበር። ሳህኑ ሲጋመስ ነው እጄ የቆመው። ይህ ሁሉ ለእኔ ከመጣ ለጥጃዋ ምን ቀረ?

"እማማ፣ ምን ያህል አለቧት?"

"አሟጥጬ ነዋ። በፍስክ ቢሆን ችኮላ የለም፤ ጥጃው ይጠባል፣ የተረፈው ይታለባል፣ ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ ይበላል። በጾም ግን እንገር ቤት ውስጥ አይውልም። ያየ ሰው ደብቀው ሊበሉት ነው አይልም? ደግሞ አንቺ የማትበይውን ነገር ለሰው ስትሰጪ ቆንጥረሽ አትሰጪም፤ ያሳፍራል። እንደወለደች አልቦ፣ አፍልቶ፣ ለማይጾመው ጎረቤት መስጠት ነው። እናቴም እንዲሁ ነበረች።"

"ጥጃዋ ታዲያ?"

"ከሥሩ ጠባች አልኩሽ እኮ! ብዙ ቢሰጣትም ያስቀምጣታል።"

ማንኪያውን አስቀመጥኩ። ጥጃው ጠጥቷል፤ እውነት ነው፣ ጭላጩን። እነሱ አልበሉም፤ ይህም እውነት ነው። "ማን በላው?" ብዬ ግን ማንንም ጠይቄ አላውቅም።

ወደ በረቱ ሮጥኩ። ጥጃዋ ቆማለች፣ ጣቴን ትጠባለች፣ ጤነኛ ናት። የላሟ ጡት ተንጠልጥሏል። ያገኘሁትን አልቤ አጠጣኋት፤ ቀጥኗል። በማግስቱ ደሟን ብለካው እንደሌሎቹ ባዶ ነው። ለአለቃዬ ደውዬ ነገሩን ስነግረው በደስታ ጮኸ። "ይህ እኮ ትልቅ ግኝት ነው!" አለኝ። ደስ ሊለኝ ሞከርኩ። አልሆነልኝም፤ ተናድጄ ነበር፣ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። በለጋስነት ላይ ይናደዳሉ?

ደግሞ አዳሚ ቱሉ አንድ ጥጃ ነበረኝ፤ ደሙ ልክ እንደ እሷ ባዶ፣ እሱ ግን ግቢውን እያመሰ ይፈነጫል። ለምን እንደተረፈ አላውቅም፤ ዛሬም አላውቅም። እሱን እያሰብኩ ይህችም ትተርፋለች አልኩ።

ሳምንት ሳይሞላት ተቅማጥ ያዛት። እማማ ምን ነካት ሲሉኝ በሽታ የሚከላከልላት እንገሩ እንደነበር ነገርኳቸው። የመጽሐፉን ሁሉ አደረግኩ፤ ጨውና ስኳር በውሃ በጥብጬ በጡጦ፣ መድኃኒት በመርፌ። እማማ ጠበል አመጡ፤ "አንቺም በራስሽ ጸልዪ፤ የሰማው ይስማ" አሉኝ። ጸለይኩ። ዓይኗ እየጎደጎደ ሄደ። ጠዋት ላይ ራሷን እማማ እግር ላይ አስደግፋ ሞተች። አለቀስኩ፤ ከባለቤቷ ይልቅ እኔ።

ላሟ ጥጃዋን ካላየች ወተት አላወርድ አለች። እማማ ጎረቤት ጠርተው የጥጃዋን ቆዳ አስገፈፉ፣ ገለባ አስሞሉት፣ ጨው ነሰነሱበት። በተቅማጥ የሞተ ጥጃ ቆዳው ሳይገፈፍ በጥልቅ መቀበር አለበት፤ ለሰው ሁሉ የምናገረው ይህን ነው። ለመናገር አፌን ስከፍት "ወተቱ ከተቋረጠ በምን እኖራለሁ?" አሉኝ። የተሞላውን ቆዳ ይዤ ወደ ላሟ አስጠጋሁላቸው።

ላሟ አሸተተችው። ትንሽ አመነታችና መላስ ጀመረች። ወተቱ ወረደላት። እማማ ተቀምጠው እያለቡ ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

"እንገሩ በሽታ ይከላከላል ብለሽኝ ነበር፣ አይደል?"

"አዎ፣ እማማ።"

"እሷ ያላገኘችውን አንቺ አግኝተሻል። እንግዲህ አንቺን በሽታ አይደፍርሽም ማለት ነው?"

ፊታቸውን አየሁት። ነገር እየወጉኝ አልነበረም። እውነት ቢሆን ሊጽናኑበት ነው የጠየቁኝ። አዎ ማለት እችል ነበር፤ እስካሁን ለምን እንዳላልኩ አይገባኝም።

"አይ እማማ። ከፈላ በኋላ ኃይሉ ይጠፋል። ባይፈላም ለትልቅ ሰው አይሠራም።"



"እንዲያ ከሆነ ለማንም አልሆነማ" አሉና ማለባቸውን ቀጠሉ።