ያልተተከለው አግዳሚ ወንበር

አባቷ የመጨረሻውን አግዳሚ ወንበር የት ሊተክለው ነው? ሠራተኛው ሁሉ ልጅቷን ይጠይቃታል።

አባቷ በእርሻዎቹ መሃል ለእግረኛና ለብስክሌት የሚሠራው መንገድ ካቦ ነው። ወንበሮቹ የት ይሁኑ ሲባል የልጅቷን እናት ይዞ መንገዱን ይሄድ ጀመር። እናት የልብ ሕመምተኛ ነበረች። ቆማ በተነፈሰችበት ሁሉ እሱ ለወንበር ምልክት ችካል ይመታል።

«በግ አስመሰልከኝ እኮ፤ በቆምኩበት ሁሉ ችካል!» ትለው ነበር እየሳቀች።

«ጠፍተሽ እንዳትሄጂብኝ ነው» ይላታል።

ሕመሙ ሲጠናባት ችካሎቹ እየተቀራረቡ መጡ። መንገዱ የሚያበቃበት ወንዝ ጋ ሳይደርሱ ሞተች።

አሁን ከወንዙ ወዲህ ያለው ዳገት ብቻ ወንበር አጥቷል። ሠራተኞቹ የመጨረሻውን ወንበር ተሸክመው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ክንዳችን ዛለ፤ የት እናስቀምጠው?» አለ አንዱ ግንበኛ።

«እሷ እዚህ አልደረሰችም» አለ አባት። «የት እንደምትደክም በምን ልወቅ?»

ልጅቷ አባቷን ክንዱን ያዘችው።

«አባዬ፣ ና እንሂድ። አንተ የደከመህ ቦታ ይሁን።»

ዳገቱን ጥቂት እንደወጡ እሱም ቆሞ ተነፈሰ። ግንበኛው ቶሎ ብሎ ወንበሩን ከኋላው አስጠጋለት። አባት ተቀመጠና ከጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ በእጁ ዳሰሰው፤ ልጅቷ እዚያው ላይ ተቀመጠች። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሲገላበጥ የሚነጋበት ሰው፣ ራሱን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ። እንቅልፍ ሲወስደው ገና ቀትር፣ ስድስት ሰዓት ነበር።