ሳይነኩት የሚሰርዝ ሊንክ

ሥራ በገባሁበት ቀን አለቃዬ "ጌት፣ ፖስት፣ ዲሊት የምትሉት ጣጣ የትምህርት ቤት ነገር ነው" አለኝ። ወልድያ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይተን ድረ ገጽ እንሠራ ነበር። ራሱን "ሲኒየር" ይላል። ማን እንደሾመው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ለማያውቅ ልንገር፦ ስልክ ድረ ገጹን ከያዘው ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ ጋር ሲነጋገር የጥያቄውን ዓይነት ይናገራል። ጌት "ልየው" ነው፣ ፖስት "ይህን ተቀበለኝ"፣ ዲሊት "ሰርዝልኝ"። ድረ ገጽ በምንሠራበት መሣሪያ፣ በፍሬምወርኩ ላይ፣ እያንዳንዱ የገጽ አድራሻ የትኛውን እንደሚቀበል በአንድ መስመር ይጻፋል። ሰውዬው ያቺን መስመር ንቆ በየቦታው "ሁሉንም ተቀበል" ብሎ አለፈ።

ሥራው የሀብሩ ገበሬዎች ለማሽላ ዘር የሚመዘገቡበት ድረ ገጽ ነበር። ለተመዘገበ ሰው በስልኩ፣ በመልእክት አፕ ወይም በተራ ቴክስት፣ "ተመዝግበዋል፤ መተው ከፈለጉ ይህን ይጫኑ" የሚል ሊንክ ይላካል። ሊንኩ እንደተከፈተ ስም ይሰረዛል።

"መጀመሪያ ማረጋገጫ ገጽ ይምጣ፤ መሰረዙ በፖስት ይሁን" አልኩት።

"አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ!" ብሎ ሳቀብኝ። ነገሩን ትቼ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ዝናቡ ሲቃረብ ጋሽ ይመር የሚባሉ ገበሬ ከመርሳ በሚኒባስ መጡ። ሦስቴ ተመዝግበው ሦስቴም ስማቸው ጠፍቷል።

"ነክተኸው ነው" አላቸው አለቃዬ፣ ቀና እንኳን ሳይል። አባቱን የሚያህሉ ሰው "አንተ"!

"ወላሂ አልነካሁትም!"

"አትዋሽ፣ ሽማግሌ።"

የጋሽ ይመር ፊት ጠቆረ። እኔ አፈርኩ። የሰርቨሩን መዝገብ ከፍቼ ባይ፣ ስማቸው የተሰረዘው መልእክቱ በተላከበት ቅጽበት ነው። የመልእክት አፑ ሊንክ ሲያገኝ ከሥሩ ርዕስና ምስል ለማሳየት ገጹን ራሱ ቀድሞ ይከፍታል። እሱ ማየት ብቻ ፈለገ፤ የእኛ ጉድ ግን ለሚያይ ሁሉ ይሰርዛል። በአፑ መልእክት የደረሰው ገበሬ ሁሉ ተሰርዟል፤ የተረፉት ተራ ቴክስት የደረሳቸው ናቸው።

ለአለቃዬ አሳየሁት። "ኔትወርክ ነው" አለ። ምስኪን ኔትወርክ! ያልተላከከበት ጥፋት የለም።

ማረጋገጫ ገጽ ጨምሬ፣ የሚሰርዘው አድራሻ ፖስት ብቻ እንዲቀበል አድርጌ ስሞቹን መለስኩ። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ዘሩ ግን ያን ቀን ጠዋት ስማቸው ለተረፈላቸው ታድሎ አልቋል።

ጋሽ ይመርን ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

"ዘሩን አላህ ያመጣዋል" አሉ። "ውሸታም ያለኝ ሰውዬስ የታለ?"

ምሳ ወጥቶ ነበር። ጥቂት ጠብቀውት ሄዱ። የማሽላ መሬታቸውን ያን ዓመት ማሾ ዘሩበት።

የሚሰርዝ አድራሻ ጌት አይቀበልም። ይህን ሥራ ስገባም አውቀው ነበር።