የተወካዩ ጥም

እትዬ እሌኒን የሚያውቅ ሁሉ ጉልበታቸውንም ያውቃል። ሁለቱም ያማቸዋል፣ የግራው ይብሳል። ቢሆንም በቀን ሁለቴ ጀሪካን አዝለው ምንጭ ይወርዳሉ። መውረዱስ ደህና፣ መውጣቱ ነው ነገሩ። መንደራቸው ከወልቂጤ ብዙም አይርቅም፣ የቦኖ ውሃም አለው። ግን የቦኖው ሞተር ከተቃጠለ ሁለት ዓመት አለፈው፣ እትዬ እሌኒም እንዲሁ ከሚቆም ብለው ፍየላቸውን ያስሩበታል።

ሞተሩን አሠራለሁ ያለው ግሩም ነው። የመንደሩ ልጅ ነው፣ ምክር ቤት ከገባ አምስተኛ ዓመቱ። ሽማግሌዎች አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ቢነግሩት "በቅርቡ" ብሎ ሸኛቸው። ከተመረጠ ወዲህ ለመስቀል እንኳን መጥቶ አያውቅም። በዚህ አገር ለመስቀል ቤቱ ያልገባ ሰው ወይ ታሟል ወይ ታስሯል ይባላል። ግሩም አልታመመም፣ አልታሰረም።

ዘንድሮ ግን መጣ። ምርጫው ሰኔ ላይ ነዋ። አስቀድሞም ሰባት ቤት እንደሚገባ አስነገረ።

እትዬ እሌኒ ይሄን ሲሰሙ ብቻቸውን ሳቁ። ከዚያ እያነከሱ ቤት ለቤት ዞሩ። ክትፎውን አብዙለት፣ ሚጥሚጣውን አትሰስቱ፣ ጠላውንም ለስላሳውንም የምንጩንም ውሃ ደብቁ አሉ። ጎረቤታቸው ናዝራዊት እንግዳ ማስጠማት ነውር አይደለም ወይ ብላ ጠየቀች።

"እኛ ሁለት ዓመት ስንጠማ ነውር ያለ ሰው ሰምተሻል?" አሏት።

ግሩም የመጀመሪያውን ቤት ክትፎ እያመሰገነ በላ። ሁለተኛው ላይ ላቡ መጣ። አልበላም እንዳይል፣ የአንዱን በልቶ የሌላውን ቢተው ያ ቤት ስንት ድምፅ እንዳለው ያውቃል። ናዝራዊት ቤት አምስት መራጭ አለ፣ ሁለት ጣባ በላ። በየቤቱ ውሃ ይለምናል፣ በየቤቱ አንገታቸውን ደፍተው "ቦኖው እኮ አይሠራም" ይሉታል። የታሸገ ውሃው መኪናው ውስጥ ነው፣ መኪናው ደግሞ ጭቃውን ፈርቶ አስፋልቱ ዳር ቀርቷል።

ሰባተኛው የእትዬ እሌኒ ቤት ነበር። ሲገባ ዓይኑ በርበሬ መስሏል።

"እማማ፣ በማርያም፣ ጉንጭ ውሃ።"

"ልጄ፣ ምንጩን ታውቀዋለህ፣ እዚያው ነው ያደግከው። ይኸው ጀሪካኑ።"

መንደሩ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ያያል። ምን ያድርግ፣ በሱፉ ወረደ። እስኪበቃው ጠጥቶ ሃያ ሊትሩን አዘለና ዳገቱን ጀመረ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ጀሪካኑን አውርዶ ስልክ ደወለ። የሚጮኸው ጩኸት እላይ ድረስ ተሰማ።

በዘጠነኛው ቀን አዲስ ሞተር መጣ።

ሴቶቹ በእልልታ ሄደን እንመርጥሃለን እንበለው አሉ። እትዬ እሌኒ ከለከሉ። ድምፃችንን በኪሱ የያዘ ከመሰለው ይተኛል አሉ።

ምርጫው ሳምንት ሲቀረው ግሩም ራሱ መጣና ደጃቸው ተቀመጠ።

"እንግዲህ እማማ፣ ዘንድሮም ድምፅዎ የኔ ነው አይደል?"

እትዬ እሌኒ ተነስተው ከቦኖው ቀድተው መጡ። ብርጭቆው እስከ ግማሹ ብቻ ነበር የተሞላው።

"ይቺን ጠጣ። የቀረችውን ከምርጫው በኋላ መጥተህ ትጠጣታለህ።"

ግሩም ሳቅ ለማለት ሞከረና ጠጣ። እሳቸውም ቀስ ብለው ሄደው፣ ሞተሩ ከመጣም ወዲህ ያልፈቱትን ፍየላቸውን ከቦኖው ፈቱ። ገመዱን ግን እዚያው ተዉት፣ አይታወቅም።