ሂሳቡ ተከፍሏል

እኔ ሰው የምጠረጥር ሴት አልነበርኩም፤ ያስለመዱኝ ደንበኞቼ ናቸው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ በስደት ከተማዬ ዳንፎርዝ የሚባል ጎዳና ላይ አንድ ጠባብ ምግብ ቤት ነበረችኝ። ሰው ሁሉ ሥራ ጠፋ እያለ የሚያማርርበት ጊዜ ነበር። ሬንቴን የምትችልልኝ ከሺፍት ወጥተው የሚሰበሰቡት የአገሬ ሰዎች ወሬ ነበረች። ወሬ ካለ ሻይ አለ፣ ሻይ ካለ ጥብስ ይከተላል።

የወሬው አባወራ ደግሞ ጋሼ የምንለው ታክሲ ነጂ ነበር። በደርግ ጊዜ ያሳሰረው የገዛ ጎረቤቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ጀርባው ግድግዳ ካልነካና በሩን ፊት ለፊት ካላየ እህል አይወርድለትም። ስለዚህ ያች የጥግ ወንበር የሱ ናት፤ ማንም አይነካበትም።

አንድ ቀን ታዲያ ስልሳን የተሻገረ ጃፓናዊ ገባና፣ ቤቱ ባዶ እያለ፣ ሄዶ እዚያች ወንበር ላይ ቁጭ አይልም! ሽሮ አዘዘ፣ በእጁ አሳምሮ በላ፣ ከቦርሳው ወረቀት አውጥቶ ይጽፍ ጀመር። በማግስቱም መጣ። ከዚያማ ለመደ።

መጻፉስ ግዴለም፤ ጥያቄው ነው ያስጨነቀኝ። እንጀራውን ማን ያመጣልሻል? ባለ ሕንፃው ሬንት ሊጨምር ሲያስብ ማንን ያማክራል? ያ ሰውዬ ሲናገር ሌሎቹ ለምን ዝም ይላሉ? ይችን የመጨረሻዋን ሲጠይቀኝ የያዝኩት ትሪ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። «ያ ሰውዬ» ማለት ጋሼ ነዋ!

«ጆሮ ጠቢ ነው» አለ ጋሼ፣ ስነግረው።

«ኧረ በፈጠረህ! ጃፓን የኛን ወሬ ጠብቶ ምን ሊሆን?»

«ለሚፈልገው ይሸጠዋላ። አንቺ ልጅ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ብቅ ሲል ቤቱ ጭጭ ይላል። ሻዩ ሳያልቅ አንድ ባንድ እየተነሱ መውጣት ጀመሩ። በመጨረሻ ጋሼ እመቁረጫው ጣውላ አጠገብ መጥቶ «ወይ እሱ ወይ እኛ» አለኝ። ተናደድኩ። እነሱ ከቀሩ ቤቴ ይዘጋል፤ ሰውዬውን ደግሞ ምን አደረግከኝ ብዬ ላባርረው? ምንም አላደረገኝም እኮ።

በማግስቱ ሻይ ይዤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። እንግሊዝኛ አንቱ የላትም እንጂ የአባቴ እኩያ ነው። «ሥራህ ምንድን ነው?» አልኩት፣ ፊቴን ኮስተር አድርጌ።

«ልብ ወለድ ጸሐፊ ነኝ።»

«የፍቅር?»

«የኩባንያ።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሱ ግን አልሳቀም። ወጣት ሳለ ትልቅ ንግድ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ፣ ማለዳ ማለዳ ከቢሮ በፊት ይጽፍ እንደነበር ነገረኝ። አለቃው ባንኩን እንዴት እንደሚያታልል፣ ባንኩ ሚኒስቴሩን፣ ሚኒስትሩ ደግሞ ሁሉንም። የመጀመሪያው መጽሐፉ ሲወጣ አለቆቹ ተሻምተው ገዙት። እኔ አለሁበት ወይ ብለው ራሳቸውን ፍለጋ ነው እንጂ ንባቡ ናፍቋቸው አይደለም። ሥራውን ትቶ በብዕሩ ማደር ጀመረ። እያደር ወደ ፖለቲካው ገባና ስለ አንድ መንገድ ሠሪና በጉቦ ስለያዘው አንድ ሹም ጻፈ።

«ከዚያ በኋላ አገሬ ጠበበችኝ» አለኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ሴት ልጁ እዚሁ ከተማ ዳር፣ ስካርቦሮ ቤቷ አመጣችው፤ ለዓመታት አንድ መስመር መጻፍ አቃተው። «እዚህ ቤት ማንም አያውቀኝም። እጄ የተፈታልኝ እዚህ ነው። እስክጨርሰው ብቻ ታገሺኝ።»

«ስለ ምንድን ነው?»

«በሩን እያየ ስለሚበላ ሰው።»

ክው አልኩ። ስለ ራሱ ይሁን ስለ ጋሼ አልጠየቅኩትም፤ መልሱን ፈራሁት።

ለጋሼ ስነግረው «ሰላይ ደግሞ ተረት ያጣል?» ብሎ አጣጣለብኝ። ግን ነገር ካልቆፈረ አይተኛም። ሰውዬው የነገረኝን ስሙን ጽፌለት መሀል ከተማ አንድ የጃፓኖች መጽሐፍ መሸጫ ሄደ። ሲመለስ በእጁ መጽሐፍ ይዟል። ጠረጴዛዬ ላይ ገልብጦ አስቀመጠው፤ ከጀርባው ፎቶ አለ። ፀጉሩ ጥቁር ነው እንጂ የኛው ሰውዬ ነው።

«ሻጯ ምን አለችኝ መሰለሽ? ባለ ሥልጣን የሚፈራው ጸሐፊ ነው አለች» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «እኛ ደግሞ እንደ ሌባ ገላመጥነው። አፈርኩ፣ እውነቴን ነው።»

የኛ ሰው ይቅርታ በአፉ ከሚል ሞቱን ይመርጣል፤ ምሳ ይከፍላል እንጂ። ጋሼ በማግስቱ ሰውዬው እየበላ ሳለ ሂሳቡን በሹክሹክታ ዘጋና ተነሳ። «ማን እንደከፈለ ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ምስጋና ፈልጌ እንዳይመስለው» ብሎኝ ወጣ። ደስ አለኝ። ተመስገን፣ ታረቁልኝ አልኩ።

ሰውዬው በልቶ ሲጨርስ ሂሳብ ጠየቀ።

«ተከፍሏል!» አልኩት፣ ጥርሴ እስከ ድዴ እየታየ።

«ማን ከፈለ?»

«አይነገርም።»

ፊቱ አመድ መሰለ። በሩን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና በሩን። «ሌላስ ምን ጠየቁሽ?» አለኝ ዝግ ብሎ። ልመልስለት አፌን ስከፍት ብር ጠረጴዛው ላይ ጥሎ፣ ወረቀቱን ሰብስቦ ተነሳ። በዋናው በር አልወጣም፤ በወጥ ቤቴ አድርጎ በጓሮ ሄደ። እኔ ሞኟ ሆዱን ቆርጦት ነው ብዬ፣ ሽሮዬን ቀምሼ አየሁ።

ቀረ። ከቀናት በኋላ ልጁ መጣች፤ ዓይኗ ደም መስሏል። «ለአባቴ የከፈለለት ማን ነው?» አለችኝ ቆማ። ጋሼ መሆኑን፣ ልማዳችን መሆኑን ነገርኳት። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ያ ስለ መንገድ ሠሪው የጻፈው መጽሐፍ የወጣ ሰሞን፣ አባቷ በሚያዘወትርበት ምግብ ቤት ሂሳብ ሲጠይቅ ተከፍሏል አሉት። ማን? አይነገርም። ምግብ ቤት ቀየረ፤ እዚያም ተከፍሏል። ከዚያ አንድ ሰው ሚስቱ ጋ ስልክ ደወለና፣ ባልሽ ዛሬ ምሳ የበላው ይሄን ይሄን ነው ብሎ ዘረዘረላት። ብዕሩን የጣለው ያኔ ነው።

«እዚህ የጀመረውስ?» አልኳት።

«ካንቺ ቤት የወጣ ዕለት ቀዶ ጣለው።»

«እባክሽ ልማዳችን ነው በይው!»

«ቤት ስገባ እነግረዋለሁ። የሚለኝን ግን አውቀዋለሁ፤ አንቺንም አታለሉሽ ነው።»

ጋሼ ይሄን ሲሰማ ልጁ የተወችልኝን አድራሻ ይዞ፣ ታክሲውን አስነስቶ ስካርቦሮ በረረ። በዚያ ዕድሜው በአፉ ይቅርታ ሊጠይቅ! ሲመለስ የጥጉ ወንበር ባዶ ነበር፤ ሄዶ ግን አልተቀመጠበትም፣ ከኔ ዘንድ ቆመ።

«ከፈተልህ?» አልኩት።

«መጋረጃው ተነቃነቀ። አየኝ።»

«እና ዝም ብለህ ተመለስክ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አለኝ። «እኔም ብሆን አልከፍትም።»