ካፖርት በደብዳቤ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰበካ ጉባኤያችን በበረዶው ወራት ስለሚታደለው ልብስ ተነጋገረ። አንዱ ወጣት፣ «ለአንድ ካፖርት ደብዳቤ ምን ያደርጋል? ቴብል ላይ እናድርገውና ሰው የፈለገውን ፒክ ያድርግ» አለ። ነገሩ ክፋት የለውም። እኔም በሃያ ዓመቴ እንዲሁ እል ነበር።

ያኔ ዩኒቨርሲቲ እማር ነበር፤ የምኖረው ቶሮንቶ ውስጥ፣ ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል ሰፈር ነው። በር ለበር ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ይባሉ ነበር፤ ደሴ ሒሳብ ያስተማሩ፣ ባላቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ቶሮንቶ የመጡ ሴት። ኅዳር ገብቶ ነፋሱ በፎቆቹ መሀል ሲያፏጭ እንኳ ወደ እንግሊዝኛ ትምህርታቸው የሚሄዱት በሹራብ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ትርፍ ካፖርቴን ይዤላቸው ሄድኩ። ድንች ወጥ አቀረቡልኝ፣ እስክጠግብ አበሉኝ፣ ከዚያ ካፖርቱን አጣጥፈው መለሱልኝ።

«እኔ ምን ሆኜ ታየሁሽ፣ ልጄ? አልበረደኝም» አሉ።

ጣቶቻቸው ግን ቀልተው አብጠው ነበር። ሲያስሉም በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። እንዳይታመሙብኝ ፈራሁ።

በዚያው ሳምንት ስለ ጥንታዊት ግብፅ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ተማርን። አሸዋ ያቆያቸው፣ በግሪክኛ የተጻፉ የፓፒረስ ወረቀቶች የሚያሳዩት ጓዳቸውን ነው፤ የወይን ጠጁን፣ የዘይት መጭመቂያውን፣ የገዳሙን መሬት የሚያርሰውን ጭሰኛ። ስለ ጥንት መነኮሳት ከድርሳንና ከተአምር ሌላ የማውቀው አልነበረኝም፤ ስለ ማሰሮና ስለ ገመድ ሲጨነቁ ሳይ ይበልጥ ወደድኳቸው። ከወረቀቶቹ አንዷ መዳፍ አታህልም። ቤተ ክርስቲያን ንብረት ጠባቂ መጋቢዋን፣ ባሏ ለሞተባት ለአንዲት ሴት ካሉት ልብሶች አንድ መደረቢያ ስጥ ብላ ታዛለች። ክፍሉ ሳቀ፤ ለአንድ ልብስ ይህን ያህል ቢሮክራሲ! እኔ የሳቅኩት የቤተ ክርስቲያናችንን ዕቃ ቤት ጠባቂ ጋሽ ተክሌን አስታውሼ ነው። እሳቸውም ያለ ደብዳቤ ክር አያወጡም ነበር።

ወረቀቷን ለእትዬ አስካለ በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው።

«ደብዳቤዋን ይዛ ሄደች ማለት ነው?»

«ሳይሆን አይቀርም፣ እትዬ።»

«ታዲያ እሷ ምን ለመነች? የታዘዘላትን ነው የወሰደችው።»

ይህን ስሰማ መላ መጣልኝ። በማግሥቱ ቄሳችንን ለመንኳቸው፤ ሐምራዊ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ጻፉልኝ።

እሑድ ዕለት እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካክለው ደብዳቤውን ለጋሽ ተክሌ በሁለት እጃቸው ሰጡ። ጋሽ ተክሌ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡና ጥቁር ካፖርት አመጡ።

«ይኼ ይሰፋኛል።»

ግራጫ አመጡ።

«የዚህ ቁልፉ ወልቋል።»

ቡኒ አመጡ።

«እሱ ያስረጀኛል።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ሱቅ አይደለም!»

«ደብዳቤው ‹ልካቸው የሆነ፣ ደኅና ካፖርት› ይላል። ሦስተኛው መስመር ላይ ነው፤ ያንብቡት።»

ጋሽ ተክሌ አነበቡ። እውነትም ይላል። ላብ በላብ ሆነው ከአንድ ካርቶን ሥር ሰፊ ኮሌታ ያለው ቀይ ካፖርት ጎትተው አወጡ። እትዬ አስካለ እስከ አገጫቸው ቆልፈው በመስኮቱ መስታወት ራሳቸውን አዩ፤ ከዚያ ፈርመው ወሰዱ። እኔ ጥግ ላይ የምስር ሳምቡሳ እየበላሁ ነበርና ሳቅ ሊያንቀኝ ደረሰ። በስጦታ የመጣላቸውን የመለሱ ሴት አሁን ቀለም ያማርጣሉ! እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ሰብዌይ እንያዝ ብላቸው፣ «በእግራችን ነው የምንሄደው፤ ሰው ይየን እንጂ» አሉ። በረዶ መጣል ጀምሮ ነበር። ዳቦ ቤቱን፣ ፋርማሲውን፣ የአውቶቡስ ፌርማታውን ሁሉ ቀስ ብለን አለፍን።

ለወጣቱ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም፤ «ደብዳቤው አይቅር፣ እኔ እጽፋለሁ» ብቻ አልኩት። ስለዚያች የግብፅ ሴት ግን ዛሬም አስባለሁ። ልብሱን ትውሰድ አትውሰድ እንኳ ወረቀቷ አትናገርም። ለእኔ ግን መጋቢው ፊት ቆማ፣ የመጀመሪያውን አገላብጣ አይታ፣ «ሌላ የለህም?» ያለችው ይመስለኛል።