ከእንግዳው ስም በፊት

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዲላ ውስጥ፣ ከወጣት ማዕከሉ ጀርባ ባለችው ክፍል አምስት ሰዎች ነበርን። እንግሊዝኛ የምታስተምረው የሁለተኛ ደረጃ መምህርት፣ ከቡሌ የመጡት ጡረተኛ አዛውንት፣ በሞተር ሰው የሚያመላልሰው ጎረቤቴ፣ ከኮንጋ የምትመላለሰው ወጣት፣ ላፕቶፑ አጠገብ ደግሞ እኔ።

ወጣቷ በምትሠራበት የኮንጋ የእሸት ቡና ማጠቢያ በሳምንቱ የውጭ ገዢዎች ሊመጡ ነበር። ኃላፊው እንግዶቹን ተቀብላ ካነጋገረች የአስጎብኚነቱን ሥራ እንደሚሰጣት፣ ካልሆነ ግን ከአዲስ አበባ ሰው እንደሚያስመጣ ነግሯታል። ስለ ቡናው ሲጠይቋት መመለስ አያቅታትም። መጠየቅ ላይ ስትደርስ ግን ይከብዳታል።

ኮምፒውተር ያስተማረኝ የለም፤ እየነካካሁ ነው የለመድኩት። ለእሷ ብዬ በፓወር ፖይንት ቀላል ጨዋታ ሠራሁ። ሻንጣ የያዘ እንግዳ ፎቶ ላይ፣ እስኪሸፈን ድረስ ባለቀለም ካሬዎች ደረደርኩ። አንድ ጥያቄ በእንግሊዝኛ በትክክል ሲጠየቅ እኔ እጫናለሁ፣ አንድ ካሬ ይነሳል። በእንግዳው ፈንታ የምትመልሰው መምህርቷ ናት።

«በይ ጀምሪ፤ ስሙን ጠይቂው» አለቻት።

ወጣቷ ስክሪኑን አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«ኧረ ሰውዬው ሻንጣውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ!» አለ ባለሞተሩ።

«አንተ ምን አለብህ? ሰው ሳይወርድ ነው ሒሳብ የምትለው» አለችው ወጣቷ። ሳቅን።

«ታዲያ ምን አስቸገረሽ?» አለች መምህርቷ።

«ቲቸር፣ ደጃፌ የመጣን ሰው ገና ሳይቀመጥ ‹ስምህ ማነው?› ልበለው? ፖሊስ ነኝ እንዴ?»

«እውነቷን ነው» አሉ አዛውንቱ። «መጀመሪያ ደህንነቱ ይጠየቃል።»

መምህርቷም «እሺ፣ እንደ ቤትሽ እንግዳ ተቀበይው» አለቻት።

ወጣቷ በእንግሊዝኛ ጀመረች። እንዴት ነህ? ቤተሰብህ ደህና ነው? ልጆች አሉህ? መንገዱ እንዴት ነበር? ዝናብ አገኘህ? ስትሳሳት መምህርቷ ቀስ ብላ ታርማታለች፣ እሷም ደግማ ትለዋለች። እኔ እጫናለሁ። አዛውንቱ አላስችል ብሏቸው በዚያው በእንግሊዝኛ «ላሞችህስ ደህና ናቸው?» አሉ።

«ላሞች የሉኝም አባባ» አለች መምህርቷ።

«ምን ዓይነት ሰው ነው!» አሉ፣ ከልባቸው አዝነው።

ካሬዎቹ ሁሉ ተነሡ። ሰውዬው ፊታችን ቆሞ ነበር፣ ስሙን ግን ማንም አልጠየቀውም። ያን ዕለት ጨዋታውን እንደ አዲስ ሠራሁት፤ ሰላምታውን አስቀደምኩ፣ ስሙን ከመንገዱ ጥያቄ በኋላ አደረግኩ። እስከ ቀጠሮው ቀን ድረስ በእሱ ተለማመደች።

ሥራው ተሰጣት፤ አሁንም እንግዶች የምትቀበለው እሷ ናት። ገዢዎቹ በመጡ ዕለት ግን እኔ ኮንጋ አልነበርኩም። ስትደውልልኝ «ጠየቅኋቸው፣ እነሱም ጠየቁኝ፣ በዚያው ወግ ጀመርን» ብቻ ነው ያለችኝ። ባለሞተሩ አድርሷት እዚያው ቆይቷል፣ መምህርቷም ሄዳ ነበር። መጀመሪያ የጠየቀችው የትኛውን እንግዳ ነው? ምን ብላ? እሱስ ምን መለሰላት? እኔ የጻፍኩት እስከማውቀው ድረስ ነው። እዚያ የነበራችሁ የቀረውን ጨምሩበት፤ የተሳሳትኩት ካለም አርሙኝ።